በየጠዋቱ የሚወድቀው ጎረቤቴ

ትናንት ጠዋት፣ ከሳሊተ ምሕረት ቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ ሻዬን ቀድቼ ከመስኮቱ አጠገብ እንደ ተቀመጥሁ፣ ከበላዬ ባለው ቤት አንድ ሰው ወደቀ።

ይህ በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም... ያ ሰው በየጠዋቱ ይወድቃልና።

ነገሩ እንዲገባችሁ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ባለቤቴን ከቀበርሁ፣ ልጆቼም የየራሳቸውን ጎጆ ከቀለሱ ወዲህ፣ በዚህ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን የምኖር ጡረተኛ ነኝ፤ ከበታቼ ያለውን ቤት ባለቤቱ ቆልፎት ከሄደ ብዙ ጊዜ ስለሆነው፣ የሰው ድምፅ የሚደርሰኝ ከላይ ብቻ ነው። እሱም ድምፅ ከተባለ... መጀመሪያ «ጧ!»፣ ወዲያው ደግሞ «ዱብ!»። ሻዬ ከስኒው እየፈሰሰ ባስቸገረኝ ጊዜ፣ ንዴቴን የምገልጽበት ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ፣ የመጥረጊያዬን እንጨት አንሥቼ ጣሪያውን እደበድብ ጀመር።

እኔ በደበደብሁ ቁጥር እሱ አብዝቶ ቢወድቅ፣ አንድ ቀን ቁና ቁና እየተነፈስሁ ደረጃውን ወጥቼ በሩን አንኳኳሁ። የከፈተልኝ ጠጉሩ ገብስማ፣ ደረቱ ሰፊ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነበር፤ ሳሎኑ ውስጥ ካንድ ያረጀ ስስ ፍራሽ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ የለም።

«አንተ ሰው፣ በጤናህ ነው?» አልሁት።

«ጋሼ! የታችኛው ፎቅ እርስዎ ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ! እርስዎን ለማየት ስመኝ ነው የከረምኩት!»

«ትመኘኛለህ? በመጥረጊያ እየደበደብሁህ?»

«መደብደብ ነበር እንዴ? እኔኮ የሚያጨበጭቡልኝ መስሎኝ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ደምሴ ይባላል፤ የካራቴ ፊልም ተዋናይ ነው። በልጅነቱ እዚሁ ቦሌ ከአንድ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሲያይ ያደገ፣ ኋላም በቀበሌ አዳራሽ ተምሮ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሰው ነው። የአማርኛ ፊልም በተስፋፋ ጊዜ ዳይሬክተሮቹ ከእሱ የፈለጉት ቡጢውን ሳይሆን አወዳደቁን በመሆኑ፣ የጎልማሳነት ዘመኑን ሁሉ በዋናው ተዋናይ እየተረገጠ፣ ከጠረጴዛ ላይ፣ ከደረጃ ላይ፣ በመጨረሻም አትላስ አካባቢ ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ሲወድቅ ኖረ። የመጨረሻው ጉልበቱን ሰበረው... ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልጮኸም።

«ታዲያ አሁን ለማን ነው የምትወድቀው?»

«ድንገት ቢደውሉስ ጋሼ? ሰውነት ይረሳል። ስትወድቅ እጅህ ቀድሞ ወለሉን መምታት አለበት፤ ያ «ጧ» የሚለው እሱ ነው። እጅ ካልቀደመ ዳሌ ነው የሚሄደው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ደግሞ ሲኒማ ቤት ሰው የሚያጨበጭበው ለጣለው ነው። ለወደቀው ያጨበጨበ... ከእርስዎ በፊት አላየሁም» አለኝ።

የመጣሁበትን የቁጣ ነገር ሳላነሣ ደረጃውን ወረድሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ ሲወድቅ እኔ በመጥረጊያዬ ጣሪያውን አንኳኳለሁ፤ እሱም በተረከዙ ወለሉን መትቶ ይመልስልኛል። ሻይ እንጠጣ የተባባልንበት ቀን የለም፤ ሰው ቤት መሄድም፣ ሰው መጥራትም ከረሳን ዘመን የሆነን ሁለት ብቸኞች፣ አንድ ወለል በመካከላችን አድርገን፣ በየጠዋቱ እንዲህ ደኅንነታችንን እንጠያየቅ ነበር።

እና ትናንት... «ዱብ!» ብቻ።

«ጧ» የሚለው አልቀደመም። አንኳኳሁ... ተረከዙ አልመለሰልኝም። ደግሜ አንኳኳሁ... ዝም።

መጥረጊያዬን እንደ ጨበጥሁ ወደ ላይ ወጣሁ፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። እየጮኽሁ የብሎካችንን ዘበኛ ጠራሁት።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«ደምሴ ወድቋል! በሩን ስበር!»

«ደሞ እሱ መች ሳይወድቅ ውሎ ያውቃል? አክተር እኮ ነው! ሰብሬው ኋላ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«እጁ አልቀደመም እልሃለሁ!»

«እ?»

«እጁ ሳይቀድም ነው የወደቀው! ስበር!»

ነገሩ የገባው አይመስለኝም፤ ግን እንዲያ ስጮኽ ሰምቶኝ አያውቅምና፣ መጥረጊያዬንም ፊቴንም አየት አድርጎ በሩን በትከሻው ገጨው።

ደምሴ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጎኑ ተጋድሟል። አጠገቡ አንድ በርጩማ ተገልብጧል፤ በእጁ ደግሞ ደኅና አምፖል ይዟል። ከሆቴል በረንዳ ሲወረወር የኖረ ሰው፣ አምፖሏ እንዳትሰበር ሲል እጁን ሳይዘረጋ ቀርቶ፣ ከበርጩማ ላይ ወድቆ ዳሌውን ሰበረ።

ዓይኑን ገለጠና አየኝ።

«ጋሼ... ይሄንንም አጨበጨቡልኝ» አለ። «ሰማሁዎት።»

ሐኪም ቤት አስታማሚ ተብዬ የቆምሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ነርሷ «አባባ፣ ለታካሚው ምኑ ነዎት?» ስትለኝ፣ ወንድሙም ዘመዱም ነኝ ለማለት የማልችል በመሆኔ፣ «የታችኛው ፎቅ ነኝ» አልኋት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። እግሩ እንደ ታሰረ፣ ቀልዱ ግን እንዳለ ነው። «ስድን እርስዎንም መውደቅ አስተምርዎታለሁ ጋሼ፤ ብቻዎን ነው የሚኖሩት፣ ያስፈልግዎታል» አለኝ።

ደስ ብሎኝ እሺ አልሁት... ከበታቼ ያለው ቤት እስከ ዛሬ እንደ ተቆለፈ መሆኑን፣ እኔ ብወድቅ የሚያንኳኳልኝ እንደሌለ ግን አልነገርሁትም።