ሎሚት እንቢ ያለች ቀን

ትናንት ጎረቤቴ በሩን ቀለም ሲቀባ የቲነር ሽታ በመስኮት ገባና ወደ ልጅነቴ ከተማ ወደ መርሳ ወሰደኝ። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔና እናቴ፣ ታፔላ ከሚጽፈው አጎቴ ከሰይድ ቤት ተጠግተናል። ከባድ መሣሪያ ሲጮህ አልጋ ሥር እገባለሁ፤ ዝም ሲልም አልወጣም።

አንድ ቀን አጎቴ ከሰል ሰጠኝና «አንዲት ልጅ ፍጠሪ። እንቢ እስክትልሽ በየቀኑ እሷኑ ሳዪ» አለኝ። ሥዕል እንዴት እንቢ ይላል? አልገባኝም።

ቢሆንም በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጸጉሯ የቆመ፣ የአባቷን ቦት ጫማ ያደረገች ልጅ ሳልኩ። ሎሚት አልኳት። አህያ ስትጋልብ፣ ከዶሮ ስትጣላ፣ በየቀኑ ሳልኳት። መጀመሪያ ጆሮዋ ዛሬ ትልቅ፣ ነገ ትንሽ ይሆን ነበር፤ እየቆየ እጄ ፊቷን አወቀው።

አንድ ጠዋት ተኩሱ በረታ። አልጋ ሥር ሆኜ ሎሚትንም ተደብቃ ልስላት ሞከርኩ። ሳልኩ፣ አጠፋሁ፣ ደግሜ ሳልኩ። የተደበቀችው ልጅ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። በመጨረሻ በሩን ይዛ ስትቆም ሳልኳት፤ ያኔ ራሷን ሆነች።

«አጎቴ! እንቢ አለችኝ!» ብዬ ከአልጋው ሥር ወጣሁ።

«አልሐምዱሊላህ! እንግዲህ ሰው ሆነች» ብሎ ሳቀ።

ከተማው ሲረጋጋ አጎቴ የተረፈችውን አንዲት ቆርቆሮ ቀለም ከፍቶ የታፔላ ሱቁን የብረት በር ለቀቀልኝ። ሎሚትን በቁመቴ ልክ ሳልኳት። ሸሽተው ከቆዩበት ከውርጌሳ በእግራቸው የተመለሱ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው አዩዋትና «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«የኔ ናት እማማ!» አልኩ።

ዛሬ ወልድያ፣ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል፣ እኔና ሎሚት ሰባተኛ የሥዕል ደብተራችንን ጀመርን።