ጫማ የማወልቅበት ቤት

ፖሊሶች ጌጃ ሰፈር ካለው ቤቴ ያወጡኝ ቁርስ ላይ እያለሁ ነው። ምንጣፉን በጫማቸው ረግጠው ገቡ፤ ስልኬን ቀሙኝ። በወረዳው ስብሰባ ላይ ስለሚፈርሱት ቤቶች የመሰለኝን ተናግሬ ስለነበር እንደሚመጡ ጠርጥሬአለሁ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሽንት ሽንት ይላል። በሩ ላይ ጫማዬን ወሰዱብኝና እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሬን ቆምኩ። ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከቤት የመጣላቸው ነጠላ ጫማ ነበራቸው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። አንገቱ ላይ ማተብ አስሯል። ስልኬን ከፍቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ፤ እኔና አንድ ሰው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባዶ እግራችንን ቆመናል።

ፎቶው የኢስታንቡል ነው። ተክለ ሃይማኖት ላለችው ሱቄ ልብስ ልገዛ ሄጄ፣ ዕቃው እስኪጫን ቤተ ክርስቲያኑን ለማየት ገባሁ። ሙዚየም ስለሆነ ትኬት የቆረጠ ሁሉ በጫማው ይመላለሳል። እኔን ግን በሩ ላይ እግሬ እምቢ አለኝ፤ አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ውስጥ ስዘልቅ፣ የደበዘዘ የእመቤታችን ሥዕል ፊት የቆመ አንድ ሐበሻ እሱም ጫማውን በእጁ ይዟል። ተያየንና ሳቅን። ፎቶ ተነሣን፣ ተሳስመን ተለያየን። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

መርማሪው የፈለገው ስሙን ነው። አላውቀውም ብል አላመነኝም። ሳትተዋወቁ በምን ተግባባችሁ ሲለኝ፣ በጫማችን አልኩት። ጫማ ማውለቅ የሚስጥር ምልክታቸው ነው ብሎ ጻፈ። ሰውየው ተልእኮ ሰጥቶኛል ብዬ ከፈረምኩ ማታውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። ፎቶው በእጃቸው ነው፤ ያንን ምስኪን አድነው ለማሰር የጎደላቸው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

ደሜ ፈላ። የማያውቅ ሰው ቢሆን እንዲህ ባልተናደድኩ። ማተብ አስሮ፣ እንደ እኔው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማውን እያወለቀ ያደገ ሰው ነው ይህን የሚጽፈው። ካረፈብኝ ጥፊ ይልቅ ማወቁ ዛሬም ያንገበግበኛል። አልፈርምም አልኩት።

ማታ ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። በማግስቱ ስጠራ ነጠላ ጫማቸውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ እሱ ዘንድ ባዶ እግርህን አትግባ። መስጊድ መሰለህ?»

አድርጌው ሄድኩ። መርማሪው እግሬን አይቶ ውጭ አውልቀህ ግባ አለኝ።

«ጫማ የማወልቅበትን ቤት ታውቀዋለህ» አልኩት። «ይሄ አይደለም።»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደና ማተቡን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ያን ቀንም ሳልፈርም፣ በሽማግሌው ነጠላ ጫማ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ብዙ ቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ።

አሁንም ልደታ ለንግሥ ስሄድ፣ ደጁ ላይ ጎንበስ ብዬ ማሰሪያዬን ስፈታ ንዴቱ ይመጣብኛል። ልጸልይ ሄጄ መርማሪውን ማስታወስ አልነበረብኝም፤ ይቅር ያላልኩት ይህንን ነው። የኢስታንቡሉን ሰው ስም ግን ዛሬም አላውቅም፣ ባለማወቄም ደስ ይለኛል። የትም ይሁን የት፣ ጫማውን አውልቆ ያለ ስጋት የሚገባበት ቤት አያሳጣው።