ክር የማይዘረጋበት ኮረብታ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ትርሲት ሦስት ጓደኞቿን ከዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ይዛ መጣች። ልጆቹ በተከራዩት ክፍል ውስጥ አራት ሰው የሚያስቀምጥ ጠረጴዛ ስለሌለ፣ ለጨዋታቸው የእኔን የምግብ ጠረጴዛ ይፈልጉታል። እኔም አልከለክልም። ባዶ ቤት ከማዳመጥ የወጣት ጭቅጭቅ መስማት ይሻላል።

ጨዋታው የጦርነት ጨዋታ ነው። ናትናኤል ለሚባለው ልጅ አጎቱ ከውጭ አገር ያመጣለት ነው። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ይዘረጋሉ፤ ካርታው እንደ ማር እንጀራ ስድስት ጎን ባላቸው ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ኮረብታው ቡናማ፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ወታደሮቹ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ የካርቶን ቁራጮች ናቸው። ጭስ የለቀቀ ሰው ጥጥ ቆንጥሮ ክፍሉ ላይ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ሲጫወቱት ሳይ ደስ አላለኝም። እዚህ ከተማ ተኩስ የሚታወቀው በጨዋታ ብቻ ይመስል! ግን ምናልባት የሚፈሩትን ነገር አሳንሰው በእጃቸው መያዝ ይፈልጉ ይሆናል ብዬ ተውኋቸው።

የዚያን ቅዳሜ ጥጡን ሳይ ግን ጥልፌን አቆምሁ።

ናትናኤል ኮረብታው ላይ ነበር። የትርሲት ሰዎች ከጥጡ ጀርባ፣ ጥጡን ተጠግተው ቆመዋል።

«አየሁሽ» አላት፤ «ተኩሻለሁ።»

«ጭስ አለ እኮ!»

«እኔ ከላይ ነኝ ባክሽ። በጭሱ አናት ላይ አይሻለሁ።»

«አያይም» አልሁ እኔ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበሬ።

አራቱም ዞሩ። ስለዚያ ጨዋታ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ትርሲት የሕጉን መጽሐፍ አንሥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችና አገኘችው። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ጭስን አሻግሮ ያያል፤ ከጭሱ ወዲያ ተጠግቶ የቆመውን ግን አያይም ይላል። ናትናኤል «እሺ፣ ተሸወድኩ» ብሎ ሳቀና ሰዎቿን መለሰላት። አለቀ። አንድ ብርጭቆ ውኃ የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ያስቀመጠኝ እርጅና አልነበረም። ንዴት ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን ከጦር ሠራዊት የወጣ ሰው ነበር። አስራደ ይባላል። ያኔ ፊት ለፊት ከ«እርስዎ» ሌላ ብዬው አላውቅም። አሁን ስጽፍ ግን አንቱ ልለው እጄ እምቢ አለኝ፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስተማሪ ነበር። ይህም ራሱ ያናድደኛል። ከፍታና ዝቅታ በጥቁር ሰሌዳ አይገባችሁም ብሎ ከክፍላችን ጥግ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አሠራ፤ ከዓባይ ዳር በጆንያ አሸዋ አስመጥቶ ሞላው። በጭቃ የበዛዊትን ኮረብታ አቆመ። ሐይቁን በሰማያዊ ወረቀት፣ ከተማውን በክብሪት ቀፎ፣ ከሐይቁ ማዶ ያለውን የዘጌን ደን በቅጠል ሠራው። አንዱ ወገን ባቄላ፣ ሌላው ወገን ሽምብራ ነበር። ጭሱ ያኔም ጥጥ ነው። ማን ማንን እንደሚያይ የሚፈረደው በክር ነበር። ከሚያየው ፍሬ እስከሚታየው ፍሬ ክር ይወጠራል፤ ክሩ ጭቃ ወይም ጥጥ ከነካ አይታይም፣ ካልነካ ይታያል። ማንም ሊከራከርበት የማይችል ሕግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተበላሽቶበታል። ኮረብታ ላይ ለቆመ ክር አይዘረጋም። «ከላይ ያለ ሁሉን ያያል» ይለን ነበር አስራደ።

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። አባቴ እንጨት በታንኳ እያሻገሩ ባሕር ዳር ገበያ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። ለትምህርት ብዬ ከተማ አክስቴ ቤት ብቀመጥም፣ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር እቀዝፍ ነበር። ከሐይቅ ዳር ሣር የሚታሰረው የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከየመንገዱ በኋላ አቁመው ፀሐይ ካላስመቱት ይበሰብሳል። ከእንጨቱ ሸክም ላይ ተቀምጠን የዳጉሳ ቂጣ በተልባ እንበላለን። ቂጣው ሁልጊዜ የሐይቁ ውኃ ትንሽ ይነካዋል። እስካሁን ደረቅ ቂጣ አይጥመኝም።

በየካቲትና በመጋቢት የዳሩ ሰዎች የደረቀውን ደንገል ያቃጥላሉ። ጠዋት ነፋስ ስለሌለ ጭሱ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ አጥር ዳር ዳሩን ይቆማል። አባቴ አቅጣጫ የሚይዙት በበዛዊት ነበር። ከሩቅ ስንመጣ ኮረብታው ከጭሱ በላይ ይታየናል። ወደ ዳሩ በቀረብን ቁጥር ግን ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ ጭሱ ይውጠዋል። ያኔ አባቴ «እንግዲህ እሱም አያየን፣ እኛም አናየው። ጆሮሽን ስጪኝ» ይላሉ። ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ጫጫታ እየሰማን ወደ ዳር እንወጣለን። ይህን ያወቅሁት ከሣጥኑ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ካለ የቅየሳ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ላኩ የሚል ደብዳቤ መጣ። መሬት መለካትና ካርታ ማንሣት የሚያስተምር ነው። አስራደ «በሣጥኑ ያሸነፈ ስሙ ይጻፋል» አለ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ለአባቴ ብቻ ነገርኋቸው።

«ሐይቁንስ ትለኪዋለሽ?» አሉኝ።

«እለካዋለሁ።»

«ከዘጌ ባሕር ዳር ስንት እንደሆነ ንገሪኝ እንግዲያ፤ የሚያውቀው ክንዴ ነው እንጂ እኔ አላውቀውም።»

ከሁለት ሳምንት ጨዋታ በኋላ ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እኔና ደሳለኝ። ደሳለኝ ሳቂታና ጮሌ ልጅ ነበር፣ ክፍሉ ሁሉ ይወደዋል። ዕጣ ሲወጣ በዛዊት ለእሱ ደረሰው፤ ሦስት ባቄላ ጫፉ ላይ ደረደረ። የእኔ ሥራ ስድስት ሽምብራዎች ከዘጌ ተነሥተው ሳይታዩ ከተማ እንዲገቡ ማድረግ ነበር። ሌሎች ልጆች በዚህ ጨዋታ ሲሸነፉ ያየሁት ከጭስ ርቀው መሐል ሐይቅ ላይ ሲሄዱ ነው። እኔ ጥጤን በዳሩ ላይ አስረዝሜ ዘረጋሁት። ሽምብራዎቼን ከጥጡ ጀርባ፣ ጥጡን እያስነካሁ አስኬድኋቸው። ክር ቢዘረጋ ጥጡን እንደሚነካ እርግጠኛ ነበርሁ። የመጨረሻዋ ከከተማው ልትደርስ አንድ ጣት ሲቀራት ደሳለኝ ተነሣ።

«መምህር፣ በጭሱ አናት ላይ ይታዩኛል። ስድስቱንም መታኋቸው።»

«ተመትተዋል» አለ አስራደ።

«ክር ይዘርጉልኝ» አልሁ።

«ለኮረብታ ክር የለም። ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«መምህር፣ እርስዎ ታንኳ ላይ ሆነው አይተው ያውቃሉ? ጭሱን ስንጠጋ በዛዊት ይጠፋብናል። እኛ ካላየነው እሱ እንዴት አድርጎ ያየናል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «እንጨት ሻጯ ተነሣች!» አለ አንዱ ከኋላ። «ጭሱንም አስራ ገበያ ታወጣዋለች» አለ ሌላው። ደሳለኝ ወደ እኔ ዞሮ «እሜቴ፣ ኮረብታ ዓይን አለው እንዴ?» ሲለኝ ሣጥኑን መግፋት ቃጣኝ። አልገፋሁትም። ቆሜ ጠበቅሁ።

አስራደ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «ይሁን። ካላመንሽ ቅዳሜ በዛዊት እንወጣለን። አባትሽ ታንኳቸውን ከጭሱ ኋላ ያምጡ፤ በዓይናችን እናያለን።»

ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ይህ ሰው እውነትን ይወዳል ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ አክስቴ ቤት ሄድሁ።

አባቴ ሐሙስ እንጨት ይዘው ሲመጡ ነገርኋቸው። ቅዳሜ የባሕር ዳር ገበያ ነው፤ ለእንጨት ሻጭ ከዚያ የሚበልጥ ቀን የለም።  «ጭሱ ውስጥ ብዙ መቆየት ይኖርብዎታል» ስላቸው፣ «ታዲያ ከዚህ በፊት ጭስ አልበላሁም?» አሉ። 

ቅዳሜ ማለዳ በዓባይ ዳር ዳር አድርገን ወደ በዛዊት ወጣን። ጫፉ ላይ ቤተ መንግሥት ስላለ ዘበኞቹ ከኮረብታው ወገብ አላሳለፉንም። አቧራው ገና ጤዛ ይዞ እግር ላይ ይለጠፍ ነበር። ከታች ከተማው፣ ከከተማው ወዲያ ነጭ የጭስ አጥር፣ ከጭሱ ወዲያ ሐይቁ ተዘርግቷል። አስራደ ከሠራዊት ቤት ያወጣውን የሩቅ ማያ መነጽር ዓይኑ ላይ ደቀነ።

«ይኸዋ! ነጭ ነገር አየሁ» አለ።

አባቴ ጋቢያቸውን በረጅም እንጨት ላይ ሰቅለው ነበር። ከጭሱ በላይ፣ ሩቅ፣ ወፍ የምታህል ነጥብ ሆነው ይታያሉ።

«አላልሁም?» አለ ደሳለኝ።

«ቆይ» አልሁት።

ነጥቧ ወደ ጭሱ መቅረብ ጀመረች። ቀረበች፤ ቀረበች። ከዚያ የለችም። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደሳለኝ ራሱ ሁለት ጊዜ ተቀብሎ አየ። «የት ገቡ?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ፀሐይዋ ጀርባችንን እስክትፈጅ ቆምን። በኋላ ጋቢው ጭሱ ከሚያልቅበት ማዶ፣ ከልብስ አጣቢዎቹ ዘንድ፣ ከተማው ደጅ ላይ ብቅ አለ። ሙሉውን ዳር በጭሱ ጀርባ አልፈውታል፤ ከኮረብታው ላይ አንድ ሰው አላያቸውም።

አስራደ መነጽሩን አወረደ። «ልክ ነሽ» አለኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ እስከ ዳሩ ድረስ ሮጥሁ።

አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስላሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ጋቢያቸው አመድ ለብሷል።

«አዩኝ?»

«አላዩዎትም።»

«እሰይ!» አሉና ሊስቁ ሲሉ ሳላቸው መለሳቸው።

ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ገባሁ። አስራደ የተማሪ ደብተር ያርማል።

«ስሜን ዛሬ ይጽፉታል?» አልሁት።

ቀና አላለም። «ወረቀቱ ሄዷል እኮ። የደሳለኝ ስም ነው የተላከው።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

መጀመሪያ ቀኑን ያሳሳትሁ መስሎኝ በጣቴ ቆጠርሁ። «ቅዳሜ ለምን ወሰዱን ታዲያ?»

«ለትምህርት ነዋ። ጥሩ ትምህርት አልነበረም?» ብሎ ያኔ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ክፋት ቢኖርበት በተሻለኝ። «ስሚ፣ ቅየሳ በረሃ ለበረሃ መንከራተት ነው። ለአንቺ ብዬ ነው። ደግሞም ደሳለኝ በዚያን ዕለት በነበረው ሕግ አሸንፏል። ሕጉን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቀይሬዋለሁ።»

«እሺ መምህር» አልሁ።

ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ መጨረሻው ላይ የተናገሩትን ኃይለኛ ቃል ያወራሉ። እኔ ያልሁት «እሺ መምህር» ነው። አስራደን ካልማርሁት በላይ ያችን «እሺ» አልማርኋትም።

ሕጉንም እውነት ቀየረው። «ለኮረብታም ክር ይዘረጋል» ብሎ በትልቁ ጽፎ ሣጥኑ ላይ ለጠፈው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ በየቀኑ አልፌው ሄድሁ። እኔ ባመጣሁት ሕግ ሌሎች ተጫወቱ።

ለአባቴ «ለሌላ ልጅ ደረሰ» ብቻ አልኋቸው። ዓርብ የሚለውን ቃል አልነገርኋቸውም። እስከ ፋሲካ ድረስ እያሳሉ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ «የእኔ ልጅ ያስተማሪዋን ሕግ ያስቀየረች ናት፤ እኔም ታንኳዬም ምስክር ነን» ይሉ ነበር። ሲናገሩ ተነሥቼ እወጣለሁ። የገበያ ቀናቸውን ትተው፣ ጭስ ውጠው፣ ያለቀ ፍርድ ላይ መመስከራቸውን ሳያውቁ ሞቱ። ሌላውን ሁሉ እተወዋለሁ፤ ሰው በደረሰው ይኖራል፣ እኔም ፋብሪካ ውስጥ በጸሐፊነት ሠርቼ ልጆች አሳደግሁ። አባቴን በከንቱ ጭስ ማስበላቱን ግን አልተውሁም።

ደሳለኝ ቀያሽ ሆኖ ጡረታ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን «ያን ጊዜ ልክ አንቺ ነበርሽ እኮ» አለኝ፤ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ፈገግ እያለ። «አውቃለሁ» ብዬው ቦታ ቀየርሁ። እሱ ዓርብን ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። «አውቅ ነበር» ቢለኝ ከለቀስተኛ መሐል ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔን አላበረደውም። ንዴቴ እዚያው ነው፤ ያኔ እንደተውሁት።

ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ልጆቹ መጥተው ካርታቸውን ዘረጉ። ጥጥ ወጣ፤ ጭቅጭቅ ተነሣ። ትርሲት ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ እኔ ዞረች፤ ናትናኤልም «እማማ፣ ዛሬ ዳኛችን እርስዎ ይሁኑልን» አለኝ። ከጥልፍ ሣጥኔ ነጭ ክር አውጥቼ ተነሣሁ። ጠረጴዛው አጠገብ ስደርስ ቆምሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አልሁ። «ፍርዱ የሚሰጠው ክሩ ከመዘርጋቱ በፊት ነው፣ ወይስ በኋላ?»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። «በኋላ ነዋ እማማ!» አለ ናትናኤል። «በፊትማ ከሆነ ክሩ ምን ያደርጋል?»

እኔ አልሳቅሁም።

«እንግዲያው ወንበር አምጡልኝ» አልሁ።