ሳልጠይቅ የጻፍኩት መዝሙር

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም በአረጋውያን ተንከባካቢነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ መጀመሪያ ያሳየችኝ ጓንቱንም ሰው ማንሻ ማሽኑንም አልነበረም። በየአልጋው ራስጌ የተለጠፈውን ካርድ ነበር። ጃማይካዊት ነርስ ናት፤ ቀልድ አታውቅም። «ሰውየው መናገር ሲያቅተው ካርዱ ይናገርለታል። ያላረጋገጥሽውን እንዳትጽፊበት» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ካርዱ ላይ የሚበላው፣ የማይስማማው፣ ከአልጋ ለማንሳት ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይጻፋል። ዲሴምበር ሲገባ አንድ መስመር ይጨመራል፦ የሚወደው የገና መዝሙር። በፈረንጆቹ ገና ግብዣ የሁሉም በየተራ ይዘመራል። ይህን መጠየቅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጡረተኛ አናጺ የእሱን መዝሙር እናቱ ሊጥ ስታቦካ ታንጎራጉረው እንደነበር ሲነግረኝ፣ ዱቄት የነካ እጇን በራሱ እጅ እያሳየ አስለቅሶኛል።

ከዓመታት በኋላ እማማ ብርቅነሽ መጡ። ከዚያ በፊት ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ከልጃቸው ከሣራ ጋር ነበር የሚኖሩት። በፎቁ ላይ አማርኛ የምንናገረው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። በር ስከፍት «መጣሽልኝ ልጄ?» ይሉኛል። ዘመዳቸው የሆንኩ ያህል እኮራ ነበር።

በዚያ ዲሴምበር ዝግጅቱን የምትመራው ልጅ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «የብርቅነሽ መስመር ባዶ ነው። የአገርሽ ሰው አይደለች? ጠይቂልኝ» አለች። ገና ስድስት ሰው አጥቤ ቁርስ ላይ ማድረስ ነበረብኝ። ብጠይቃቸው የኛን መዝሙር ይነግሩኛል። እሱን ከየት አመጣለሁ? ልደታችን በጃንዋሪ መሆኑንስ ለስንቱ አስረዳለሁ? ፈረንጅ ሁሉ የሚያውቀውን አንዱን መዝሙር ጻፍኩና ፈረምኩ። አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ።

በግብዣው ቀን «አሁን ደግሞ የብርቅነሽ ምርጫ!» ተባለና አዳራሹ ዘመረ። ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ አጨበጨበ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው በትሕትና እጅ ነሱ።

«ልጄ፣ ምን አድርጌ ነው የሚያጨበጭቡልኝ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ለእርስዎ ብለው ነው የዘመሩት፣ እማማ።»

«እግዜር ይስጣቸው። እኔ ጾም ላይ ነኝ፤ የእኔን ለልደት እነግርሻለሁ። ሣራ እዚህ አገር በልደት ዕለት ስትወለድ፣ ሆስፒታል ብቻዬን ሆኜ የዘመርኩላት አለ። ለእሷም ነግሬያት አላውቅም።»

የልደት ዕለት እረፍት ወስጄ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። በማግስቱ ስገባ «ትናንት ጠበቅኩሽ እኮ» አሉኝ። «ነገ ቁጭ ብዬ እሰማዎታለሁ» አልኳቸው። በነጋታው ሰው ጎደለና ሌላ ፎቅ ተመደብኩ። ከዚያ በኋላም አንድም ቀን ቁጭ አላልኩም። ከፋሲካ በፊት አረፉ።

ሣራ ዕቃቸውን ልትሰበስብ መጥታ ካርዱን በእጇ ይዛ አገኘኋት።

«ማሚ ይሄን ሶንግ ላይክ እንደምታደርግ አላውቅም ነበር! ፊውነራል ሆም ፕሌይ እናደርገዋለን። አንቺ ባትጽፊው በምን እናውቅ ነበር? ቴንክ ዩ ሶ መች» ብላ አቀፈችኝ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብቻ ወጣኝ።

በስንብቱ ዕለት አስከሬኑ ፊት መዝሙሩ ሲከፈት ከኋላ ቆሜ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በየዲሴምበሩ ሣራ ቪዲዮ ትልክልኛለች። ሁለቱ ልጆቿ ያንኑ ይዘምራሉ፤ ከሥሩ «የአያታችን መዝሙር» ብለው በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ። እኔም የልብ ምልክት እልክላቸዋለሁ። ይህንንም ቢሆን የጻፍኩት ሣራ ማንበብ በማትችለው ፊደል ነው። አፍራለሁ።

ሥራውን ለምትጀምሩ፦ የአገራችሁንም ሰው ጠይቁ። ጊዜ ካጣችሁ መስመሩን ባዶ ተዉት። ባዶ ሆኖ ያየው ሌላ ሰው ይጠይቃል።