ከግቢው በር እስከ ታማሚው አልጋ

አምቡላንስ ላይ ለዓመታት ከሠራሁ በኋላ ዲግሪዬን ለመጨረስ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ተመዘገብኩ። በክፍል የተማርነው ሕክምና አልከበደኝም፤ እጄ ያውቀዋል። ያስቸገረኝ የጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ ነው። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅኩ። ውጤቱን መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ላይ አየሁት።

በማግስቱ የስታቲስቲክስ መምህራችን ቢሮ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"ቁጥር ትፈሪያለሽ እንዴ?" አሉኝ።

"አልፈራም። ምን እንደሚጠቅመኝ ነው ያልገባኝ።"

"እንግዲያው የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ ነይ።"

ጥያቄ ነበረኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም ለአንድ ታማሚ ሰው ተጠርተን አራተኛ ፎቅ ስንደርስ ሰውየው አርፈው ነበር። ልጃቸው "ቆያችሁ" ብቻ አለችኝ። ሾፌራችን መንገዱ ተዘጋግቶ ነው አላት፤ እኔም ያንኑ ለራሴ ስነግር ከረምኩ። እውነት መንገዱ ነበር?

መልሱን በጥናት ለማግኘት የድሮ የጥሪ ቅጾቻችንን ሰብስቤ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ከለፋሁ በኋላ የደረስንበት ደቂቃ ሁልጊዜ በዜሮ ወይም በአምስት እንደሚያልቅ አስተዋልኩ። ከጥሪ ተመልሰን በግምት የሞላነው ነው። ብዙው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር። አፈርኩ።

"እንዲሁ አቅርቢው፤ ማን ያውቅብሻል?" አለችኝ የክፍል ጓደኛዬ።

"እኔ አውቃለሁ" አልኳት።

የገለበጥኩትን ሁሉ አጥፍቼ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ አውጥቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሾፌሩ መኪናው የግቢው በር ላይ የቆመበትን ሰዓት ይጽፋል፤ እኔ ታማሚው አጠገብ የደረስኩበትን። ማናችንም ብንዘነጋ ቦታውን ባዶ እንተወዋለን።

የደቂቃዎቹን አማካይ ሳሰላ አንድ በጣም የዘገየ ጥሪ ውጤቱን ሁሉ ወደ ላይ ጎተተው። መምህሩ "ከትንሹ እስከ ትልቁ ደርድሪና መሃል ላይ ያለውን እዪ" አሉኝ። ስደረድር ታየኝ። መንገዱ ያዘገየናል፤ ነገር ግን ከበሩ እስከ ታማሚው ቤትም ያላሰብኩትን ያህል ጊዜ እናጠፋለን። ብሎክ እንፈልጋለን፣ ከጥበቃ ጋር እንነጋገራለን፣ የሌላ ብሎክ ደረጃ ወጥተን እንመለሳለን። ያ ባይሆን የሲኤምሲው ሰውዬ ይተርፉ ነበር ማለት አልችልም፤ ጥናቴ እዚያ ድረስ አይሄድም።

ድጋሚ ፈተናውን አለፍኩ። ጥናቱን ለአለቃችን ሳሳየው አገላብጦ አነበበና "ጥሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በዚህ ብቻ መደምደም አይቻልም" አለኝ።

"ልክ ነህ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ" አልኩት። "የብሎክ ቁጥር ለመጠየቅ ግን ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም።"

አሁን ስልክ ተቀባዮቻችን የብሎኩንና የፎቁን ቁጥር ይጠይቃሉ፤ አንድ ሰው በሩ ላይ ወርዶ እንዲጠብቀንም ይናገራሉ። እኔም የሌላውን ፈረቃ ባልደረቦቼን እነሱም እንዲመዘግቡ አሳምኜ፣ ሰዓት እንዴት እንደሚያዝ እያሳየኋቸው ነው።