ልጄን ውሃ ያጠጣች ሴት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ እኔም ተነስቼ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌአለሁ። ንግግር አላውቅም፤ ትምህርቴም እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። ስሳሳት ታገሱኝ። ግን ጨማምራ ተናገረች እንዳትሉኝ፣ በመጀመሪያ በዚያ ቀን እዚያ የነበረውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ሾፌሩ ጋሽ ሸምሱ ነበር፤ ጉራጌ ነው፣ ሜጋ ከተማ ላይ ሱቅም ነበረው። ረዳቱ ነበር፤ መኪናው ስር ተኝቶ ስለዋለ እግሩን እንጂ ፊቱን አላስታውስም። ሁለት የቆዳ ነጋዴዎች ነበሩ። በፈቃድ ወደ አገሩ የሚሄድ ወታደር ነበር። አንድ ሽማግሌ ቦረና ከፍየሎቻቸው ጋር ነበሩ፤ ፍየሎቹም ይቆጠሩ፣ እነሱም አይተዋል። እኔ ነበርኩ፤ ልጄ አልማዝ ታማ እቅፌ ውስጥ ነበረች። ከመንገድ ደግሞ አንዲት ሴት መጣች። እግዚአብሔርም ነበረ። እኔ ግን ያን ጊዜ እሱን አልቆጠርኩትም ነበር። ስሙ ይባረክ!

ጌታን ከማግኘቴ በፊት ሕይወቴ ፍርሃት ብቻ ነበር። ከአልማዝ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ስለዚህ እሷ ስትወለድ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብዬ ቀንም ማታም በነጠላ እሸፍናት ነበር። ከሰው እጅ ምንም አላስቀምሳትም። ጎረቤት ገንፎ ሠርታ ብትልክ አመስግኜ እቀበልና ጓሮ ወስጄ እደፋዋለሁ። እኔም ለሰው አልሰጥም። ከቤቴ የወጣ ነገር የልጄን ዕድል ይዞ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሰው ወዳድ ነው፤ «አንቺ ሴት፣ ይሄንን ቤት እስር ቤት አደረግሽው እኮ!» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ልጄን የምጠብቅ ነበር የሚመስለኝ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሜጋ ነው። በጋው በጣም የከፋበት ዓመት ነበር። አልማዝን ተቅማጥና ትውከት ያዛት። እኔ ደግሞ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውሃ ከጠጣ ይብስበታል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ከለከልኳት። ጣሳ ባየች ቁጥር እጇን ትዘረጋለች፣ እኔ ጣሳውን እደብቃለሁ። እናቶች ሆይ፣ ከክፋት አይደለም፤ ያውቃል ጌታ። በኋላ ጡትም እምቢ አለች። ባለቤቴ ጋሽ ሸምሱን ለመነልኝና ወደ ያቤሎ ጤና ጣቢያ በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን።

ዱብሉቅን አለፍ እንዳልን የመኪናው ባሌስትራ ተሰበረና ቆምን።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም» አለኝና እሱም መኪናው ስር ገባ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት ግራር ስር ተቀመጥኩ። አልማዝ አፏን ለልቅሶ ትከፍታለች፣ ድምፅ የለም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ነጠላውን ይበልጥ አለበስኳት።

በዚህ መሃል ከዱብሉቅ ኤላ ውሃ ቀድተው በአህያ የጫኑ የቦረና ሴቶች መጡ። ኤላ ማለት ያ ወንዶች እየተቀባበሉ ውሃ የሚያወጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሰፈራቸው ሩቅ ስለሆነ ሴቶቹ ተያይዘው ነው የሚመለሱት። አለፉ። አንዷ ግን አህያዋን አቁማ ወደ እኔ መጣች።

«አካም? ናጋ?» ብላ ሰላም አለችኝ።

«ናጋ» አልኩ። ከዚያ በላይ ኦሮምኛ አላውቅም ነበር።

ቁጢጥ አለችና ሳትጠይቀኝ ነጠላውን ገለጠችው። ክው አልኩ! እጇን ያዝኩት። «አትንኪያት! ዓይንሽን አንሺ!» ብዬ ጮህኩ። እሷም ልጄን እያየች «ቢሻን፣ ቢሻን» ትላለች። ውሃ፣ ውሃ ማለቷ ነው። ወታደሩ በእኔ በኩል ሆኖ «ተያት እንጂ፣ እናትየዋ እኮ ናት!» አላት። ጋሽ ሸምሱ ጩኸቱን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ተረጎመልኝ።

«ልጅቷ ስታለቅስ እንባ የላትም፣ ጠምቷታል ነው የምትልሽ።»

«ውሃ ይገድላታል በላት!»

ነገራት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ውሃ የሚገድል ከሆነ እኛ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ምን ፍለጋ ነው የምንለፋው? አለች። ዋላሂ፣ እውነቷን ነው።»

ወገኖቼ፣ እስከ ዛሬ ግራ የሚገባኝ እዚህ ላይ ነው። ለምን ለቀቅኳት? ጎረቤቴ የላከችውን ገንፎ የምደፋ ሴት፣ ለማላውቃት፣ ቋንቋዋን ለማልሰማው ሰው ልጄን እንዴት ሰጠሁ? ደክሞኝ ነው? ተስፋ ቆርጬ ነው? እኔ አላውቅም። እጄ ብቻ ላላ። ሃሌሉያ! ማን እንዳላላው አሁን አሁን ይገባኝ ጀምሯል፤ በደንብ ግን አልገባኝም።

ከወተት ዕቃዋ ክዳኑን አውልቃ ከጀሪካኗ ውሃ ቀዳችበት። ጣቷን እየነከረች የልጄን ከንፈር ታርሳለች። ጠብታ፣ ደግሞ ጠብታ። ጥቂት ቆይቶ አልማዝን አስመለሳት። «ይኸው! አላልኩም?» ብዬ ደረቴን መታሁ። ሴትዮዋ «ሂን ሶዳቲን» አለችኝ፤ አትፍሪ ማለት ነው። አፏን ጠረገችላት፣ ጠበቀች፣ እንደገና ጀመረች።

ጓደኞቿ ከሩቅ ሆነው ተጣሩ። እጇን አወዛውዛ ሂዱ አለቻቸው። ሄዱ። አህያዋ እንደተጫነች ቆማ ቀረች። እሷ ግን ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ልጄን ታቅፋ ዋለች። ውሃው በዚያ በጋ ምን ያህል እንደሚያለፋ ታውቃላችሁ። ቤቷ የሚጠብቋት ልጆች ይኖሯታል። ደጋግማ ትቀዳለች፣ ትሰጣለች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል አልማዝ ቀሚሷ ላይ ሸናችባት። እኔ በሐፍረት ልሞት! ሴትዮዋ ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ እርጥቡን ቀሚሷን እየዘረጋች ለጋሽ ሸምሱም፣ ለሽማግሌውም፣ ለወታደሩም ታሳያለች። ወታደሩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተጠመቅሽ» ብሎ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አልማዝ አለቀሰች፤ በእንባ አለቀሰች። ጌታ ይመስገን! ጌታ ይመስገን!

መኪናው ተጠግኖ «ግቡ፣ ግቡ» ሲባል ለመንገድ የሚሆን ውሃ በጠርሙስ ሞላችልኝ። ጋሽ ሸምሱን «ስሟን ጠይቅልኝ» አልኩት። «ቱሜ ነው የምባለው አለች።» «ሰፈሯስ?» በአገጯ ወደ ቁጥቋጦው ጠቆመች። ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌው መኪናው ላይ ሆነው በሰባራ አማርኛ «መሸ። ጅብ አለ። ብቻዋን» አሉ። እኔ ዞሬ አየኋት፤ አህያዋን እየነዳች፣ እርጥብ ቀሚሷ እግሯ ላይ ተጣብቆ፣ ብቻዋን ትሄዳለች። አቧራው ሸፈናት።

ያቤሎ ስንደርስ የጤና ጣቢያው ድሬሰር የአልማዝን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ አየና «ውሃ የሰጣት ማነው?» አለኝ። የሚቆጣኝ መስሎኝ «እኔ አይደለሁም! አንዲት ሴት ናት፣ እኔ ከልክዬ ነበር!» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። «እህቴ፣ ያቺ ሴት ባትሰጣት ኖሮ ልጅሽ እዚህ አትደርስም ነበር። ሰውነቷ ደርቆ ነበር የምትሞተው።» ሰማችሁ? ልጄን እጠብቃለሁ ያልኩት እኔ ልገድላት ነበር። የፈራኋት ሴት አዳነቻት። የማውቀው ሁሉ የተገለበጠ መሰለኝ።

አጠገባችን ባለው አልጋ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ አስቴር ይባላሉ። አማኝ ናቸው፤ ያን ጊዜ መንግሥት ጸሎት ቤቱን ስለዘጋ በቤታቸው ነበር የሚሰበሰቡት። ሾርባ አመጡልኝ። «አልራበኝም» አልኩ። ፈገግ አሉና ቀድመው ከሳህኑ ፉት አሉ። «ይኸው ልጄ፣ አልሞትኩም።» ሳልወድ ሳቅሁ፣ ጠጣሁ። ከሰው እጅ ተቀብዬ ሳልፈራ የበላሁት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው።

ሁሉን ነገርኳቸው። «ጌታ ነው ያደረገልሽ» አሉ።

«እማማ፣ ጌታን እኮ እኔ አልጠራሁም። እሷም የእናንተ ሃይማኖት ሰው አይደለችም።»

የባለቤታቸውን ብርድ ልብስ አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን እኔም አላውቅም ልጄ። የማውቀውን ልንገርሽ። ጌታ ራሱ አንድ ቀን ደክሞት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ከማያውቃት፣ ከወገኑ ካልሆነች ሴት ውሃ ለምኗል። ሁሉን የፈጠረ ነው፤ ግን አላፈረም፣ አጠጪኝ አለ። አንቺ ከሰው ለመቀበል ለምን ትፈሪያለሽ?»

አለቀስኩ። የሚለምን አምላክ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አልማዝ ድና ከጤና ጣቢያው ስንወጣ እማማ አስቴር ቤት ሄጄ ተንበረከክሁና ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌሉያ!

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ሥራ አግኝቶ ወደዚህ ወደ ነገሌ መጣን። እኔም በራችን ላይ ለመንገደኛ ውሃ በጀሪካን ከነጣሳው ማስቀመጥ ጀመርኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጣሳው ይሰረቃል። ሰካራም እግሩን ይታጠብበታል። አንዲት ጎረቤቴ እንስራዋን ሞልታ በአህያዋ ጭና ትሄዳለች። ባለቤቴ ተናዶ «አገሩን ሁሉ አጠጪ! አህያዋም ትቅርብሽ እንዴ?» አለኝ። አህያዋንም አጠጣኋት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ደግሞ የድብቅ ጸሎት ስብሰባ ምልክት መስሎት «ይሄ ምንድነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ። «ውሃ ነው ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይጠጡ» አልኩ፤ ጠጣ፣ ጣሳውን መለሰልኝና ሄደ። ለየትኛው ይገባዋል? ለየትኛው አይገባውም? አንዳንድ ቀን ግራ ይገባኝና ጀሪካኑን ወደ ቤት አስገባለሁ። ከዚያ መልሼ አወጣዋለሁ።

አንዳንድ ወንድሞች «በዚያች ሰዓት ምን ብለሽ ጸለይሽ?» ትሉኛላችሁ። አልጸለይኩም። «አትንኪያት» ነው ያልኩት። «መልአክ ነበረች» የምትሉም አላችሁ። መልአክ ቀሚሱ ላይ ሲሸናበት ሰምቼ አላውቅም። ሰው ናት፤ እጇ የሻከረ፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ሴት ናት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንጂ ጌታ በእሷ እጅ ልጄን ሰጠኝ። ይኸው አልማዝ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እዩአት፣ በነጠላ አልሸፍናትም። ክብር ለስሙ!

እንደ እኔ የምትፈሩ እናቶች ካላችሁ፣ በጌታ ተማመኑ። እጃችሁን ላላ አድርጉት፤ ለመቀበልም ለመስጠትም። ሁሉም ነገር እስኪገባችሁ አትጠብቁ፤ እኔም አልገባኝም። እሱ ግን ታማኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእናንተ መካከል ከብት ለመግዛት ወደ አሬሮ፣ ወደ ዱብሉቅ፣ ወደ ያቤሎ የምትሄዱ አላችሁ። ኤላው ላይ ሴቶቹን ጠይቁልኝ። ቱሜ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሰፈሯ ዱብሉቅን አልፎ ወደ ያቤሎ ሲኬድ ከመንገዱ በስተግራ ገባ ብሎ ነው። ያን ምሽት ቤቷ በደህና ገብታ እንደሆነ ንገሩኝ።