አንድ ወንበር ያላት ፎርድ

መርል ሃስኬት ከፓስፊኩ ጦርነት ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። እናቱ እሱ መርከብ ላይ ሳለ አርፋለች፤ ተከራይታው የነበረው ቤትም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ጎረቤቶች ዕቃዋን በሣጥን አሽገው አቆዩለት። ሣጥኑን ተቀብሎ አመሰገነና ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን አሮጌ የድርቆሽ መጋዘን ተከራይቶ ገባ። ከተማችን የሞሃቬ በረሃ ጫፍ ላይ ናት፤ በርህን ከፍተህ ብትተው ከሰው ቀድሞ አሸዋ ይገባል።

መርል መካኒክ ነበር። እጁ ሥራ ያውቃል፤ አፉ ግን ቃል ይሰስታል። ፀጉሩን እየቆረጥኩት "እንዴት ነህ?" ስለው "አለሁ" ይለኛል፤ በቃ፣ የወሩ ወሬያችን እሷው ናት።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ጋ ትራክተር ሊጠግን ሄዶ ከለውዝ ዛፎች ሥር የተጣለች የሠላሳ ሁለት ሞዴል ፎርድ መኪና አየ። ሞተሯ ወጥቷል፣ የጣሪያዋ ሸራ ተቀዷል፣ ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል። ገበሬው "ዶሮዎቼን ካሳመንካቸው ውሰዳት" አለው። ጎትቶ ሲያመጣት መንገድ ተሻግሬ ሄድኩ።

"ይሄ ሁሉ አሮጌ መኪና ሞልቶ እሷን ምን አየህባት?" አልኩት።

ያን ቀን ነው መርል ሲያወራ የሰማሁት። "ቀላል ናት። ሻንሲዋን እየው፣ በጎኗ ወጥቶ ይታያል፤ ፓራፋንጎዋን ብታወልቅ እንኳ እርቃኗን አትቀርም። የብዙዎቹ ቦዲ ውስጡ እንጨት ነው፣ ሲናጥ ይላቀቃል። ይቺ ግን አብዛኛዋ ብረት ናት። ስምንት ሲሊንደር ሞተር ከኮፈኗ ሥር በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ይገባላታል። የሠላሳ አራቷም ታምራለች፣ የአርባዋም ለረጅም መንገድ ትሻላለች። ለፍጥነት ግን ይቺ ናት።"

"እንዲህ ስለ ሴት ብታወራ ኖሮ እስካሁን የልጆች አባት ነበርክ" አልኩት። ጆሮው ቀላ።

ከተጋጨች ሜርኩሪ መኪና ሞተር አወጣላት። ጣሪያዋን ቆርጦ ዝቅ አደረገው፤ ሸራውን ጥሎ በላሜራ በየደው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠፈሩ ጎረምሶች መጥተው ይከቧታል። እንዲህ ትርፏ ተገፍፎ፣ አጎንብሳ፣ ጉልበት የተጨመረላትን መኪና "ሆት ሮድ" ይሏታል። ሲጠይቁት በአንድ ቃል ይመልሳል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፣ እሱ መጋዘኑ ውስጥ ይቀራል።

ኦፓል የምትባል ልጅ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ስልክ ቤት ትሠራለች፤ በምሳ ሰዓት ሳንድዊቿን ይዛ መጋዘኑ ውስጥ የተደፋ ባልዲ ላይ ትቀመጣለች። በሩ ክፍት ስለሆነ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ቀኑን ሙሉ 'ከማን ላገናኝዎ?' ስል ነው የምውለው። ሁሉም በእኔ በኩል ያወራል፤ ከእኔ ጋር የሚያወራ የለም።"

መርል ከመኪናዋ ሥር ሆኖ "እ" ይላል።

"አንተም እንግዲህ 'እ' ብቻ ነህ።"

"እየሰማሁሽ ነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ለእሱ አይደል የምመጣው?" ትስቃለች። "ደረቁ ሐይቅ ላይ ለውድድር ስታበርራት ግን እኔም አለሁበት። እሺ?"

"እሺ" አለ።

የውድድሩ ጠዋት ኦፓል ሰማያዊ ሻሽ አስራ፣ የተጠበሰ ዶሮ በቅርጫት ይዛ መጣች። እኔና ባለቤቴ ሉቬርን በጭነት መኪናችን ልንከተላቸው ቆመናል። ኦፓል የቀኝ በኩሉን በር ከፈተች። ከአውሮፕላን የተነቀለ አንድ ወንበር ከመሪው ኋላ አለ፤ በእሷ በኩል ባዶ ብረት።

"የኔ ቦታስ የታል?"

መርል ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። "ክብደት ነው። ትንሽ እንኳ ከቀነስኩላት..."

"እኔን ነው ክብደት ያልከው?"

"ወንበሩን ነው እንጂ!"

"ወንበሩን ስታወጣ እኮ እኔንም አብረህ አወጣኸኝ" አለች። እየሳቀች ነበር፤ ሳቋ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ።

ሉቬርን በመስኮት ብቅ ብላ "ነይ የኔ እህት፣ እኛ ጋ ቦታ ሞልቷል!" ብላ ጠራቻት።

የኤል ሚራዥ ሐይቅ ከስሙ በቀር ውሃ የለውም፤ ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ እስከ ሰማይ ድረስ ሜዳ የሆነ ጭቃ ነው። መርል ተነሳ። መጀመሪያ አቧራው፣ ከዚያ ድምፁ፣ ከዚያ ትንሽ ጥቁር ነጥብ፤ ቀጥሎ ምንም። በሰዓት ከመቶ ሃያ ማይል በላይ በርሯል ተባለ። ሲመለስ ወንዶቹ ከበቡት፣ ትከሻውን መቱት፤ እሱ ግን በራሳቸው ላይ አሻግሮ ኦፓልን ይፈልጋል። መጣች።

"ምን ተሰማህ?" አለችው።

"የግራው ካርቡሬተር ቤንዚን እያነሰው ነበር።"

ትንሽ ጠበቀች፤ ሌላ የሚጨምር መስሏት ነው መሰለኝ። ከዚያ "እንኳን ደስ ያለህ" ብላ የዶሮውን እግር ሰጠችው።

ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳር ወዳለችው ሳንዲዬጎ ተዛወረች። ልትሰናበተው ስትመጣ መርል መኪና ሥር ነበር። "መልካም መንገድ" ሲላት ሰማሁት፤ አልወጣም። ከሄደችም በኋላ ከመኪናው ሥር የወጡትን ጫማዎቹን አያቸው ነበር። አይንቀሳቀሱም። የመፍቻ ድምፅ እንኳ የለም።

በጋው አልፎ ሌላ በጋ መጣ። አንድ ሳምንት መርል መጋዘኑን ዘግቶ ሲቀጠቅጥ ሰነበተ። ሲከፍተው ፎርዷ ውስጥ ሁለተኛ ወንበር አለ፣ ቀይ ቆዳ ለብሷል፤ ስፌቱ የእሱ ነው። ሸሚዙን ተኩሷል። ወዴት እንደሚሄድ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የሆነውን ኦፓል ቆይታ ለሉቬርን በስልክ ነግራታለች። ደጇ ላይ ቆሞ "ቦታ አለኝ" አላት። ወጣች፣ መኪናዋ ውስጥ ገባች፣ በባሕሩ ዳር ብዙ ሄዱ። ከዚያ ቀለበቷን አሳየችው፤ አንድ የባሕር ኃይል ምግብ አብሳይ ልታገባ ነው።

"መርል፣ አምና ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር።"

"አምና ወንበር አልነበረኝም" አላት።

ኦፓል ይህን ስትናገር አለቀሰች አለችኝ ሉቬርን። መርል ግን ደጇ ድረስ መልሷት፣ ገብታ በሩን እስክትዘጋ ጠብቆ ነው የሄደው።

በማግስቱ ፀጉር ቤት መጣ። ፊቱ የመንገድ አቧራ እንዳለበት ነው። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰርኩለት።

"አገኘሃት?"

"አገኘኋት።"

"እና?"

"መንገዱ ጥሩ ነው።"

ቆረጥኩት። ብዙም የሚቆረጥ አልነበረውም። ጨርሼ ጨርቁን ልፈታ ስል "ከኋላ ትንሽ ቀንስልኝ" አለ። ቀነስኩ። "ከጎንም" አለ። ከጎኑ የሚነሳ ፀጉር የለም። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሁለቱም እጆቹ ከጨርቁ ሥር ናቸው። ገባኝ፤ ከወንበሩ መነሳት አልፈለገም። መቀሱን ከጆሮው አጠገብ በባዶው ቀጭ ቀጭ እያደረግሁ ራሱን በሌላው እጄ ቀስ አድርጌ ያዝኩት።

ኋላ ሌላ ደንበኛ ገባ። መርል ተነሳ፣ ቆቡን አደረገ፣ መንገዱን ተሻገረ።